የዘፋኙ ስም ባንዱን ሲውጠው

ወልዲያ ስለ ኪነት ስታወራ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። መብቷም ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው። አምባሰል ደግሞ ለሐብሩ የድንበር ጎረቤት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ማይክ የያዘ ሁሉ «ወሎ የኪነት አገር» ሳይል አይወርድም። ይበል፣ እውነት ነው። ግን ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ተነስቶ «እሺ፣ እነማን ተጫወቱ?» ብሎ ቢጠይቅ መድረኩ ላይ ካሉት ማን ይመልሳል?

የራሷን የወልዲያን ልጅ ማየት ይበቃል። አያሌው መስፍን ወልዲያ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በ1960ዎቹ ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር ሸክላ አሳተመ። ያንን ሸክላ ዛሬ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመታው ጊታሩ ነው። ሆን ተብሎ የተሻከረ፣ የሚያጉረመርም፣ ከምዕራቡ ሮክ ተወስዶ በአገርኛ ቅኝት የተገራ ድምፅ። ከስሩ ባሱ አይለቅም፤ ናሱ በአጭር በአጭሩ ይጮሃል። ከዚያ ደርግ መጣ። አያሌው ታሰረ፤ ከእስር ሲወጣም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይዘፍን ታገደ። በመጨረሻ ኑሮውን አሜሪካ፣ ዴንቨር ላይ አደረገ። ሥራዎቹ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ናው አጌን የተባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ «ሃሳቤ» ብሎ ሰብስቦ አወጣቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ደስ ብሎት ያቆማል። «የወልዲያው ልጅ ዓለምን አነቃነቀ» ብሎ ይለጥፍና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። መቆም የሌለበት ግን እዚህ ነው። «ጥቁር አንበሳ» የአንድ ሰው ስም አይደለም፤ ባንድ ነው። ያንን ጊታር ያሻከረ እጅ ነበር። ባሱን የያዘ፣ ከበሮው ላይ የተቀመጠ፣ ናሱን የነፋ ሰው ነበር። ልጆች ያሳደጉ፣ የቤት ኪራይ የከፈሉ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ሽፋን ላይ ልማዱ የዘፋኙን ስም በትልቁ፣ «ከእገሌ ባንድ ጋር» የሚለውን በትንሹ ጽፎ መዝጋት ነበር። ተጫዋቾቹ በ«ጋር» ውስጥ ተጠቅልለው ቀሩ።

የልማዱ ጉዳት በደንብ የሚታየው ሮሃ ባንድ ላይ ነው። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስሟ ነው፤ ከወልዲያ በጋሸና አድርጎ የሚደረስባት ከተማ። ባንዱ ግን ከዚያ አልመጣም። የመጣው አይቤክስ ከተባለው የአዲስ አበባ ባንድ ነው። (አይቤክስና ዋልያስ የሚባሉ ሁለት ባንዶች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ የተራራ ፍየል ስም ሲሠሩ ነበር። ያኔ የስም ችግር እንጂ የችሎታ ችግር እንዳልነበረ ማሳያ ነው።) አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ማህሙድ አህመድን በ«እረ መላ መላ» አጀበ። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ እንደገና ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። አይቤክስ ሲበተን ባሲስቱ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም፣ ሳክስፎኒስቱ ፈቃደ ዓምደመስቀል ወደ ሮሃ ተሻገሩ፤ ኪቦርዱ ላይ ከዳህላክ ባንድ የመጣው ዳዊት ይፍሩ ተቀመጠ። ስሙ ተለወጠ፣ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ድምፁ ግን ቀጠለ። በካሴት ዘመን ከሻይ ቤቱ፣ ከአውቶቡሱ፣ ከሠርግ ድንኳኑ ይወጣ ከነበረው ዘፈን ስንቱ ከእነዚሁ ጥቂት ሰዎች እጅ ነው! ዘፋኙ በየካሴቱ ይለዋወጣል፤ እነሱ እዚያው ናቸው። ሕዝቡ ታዲያ የሚለዋወጠውን ሰው ስም በቃሉ ያውቃል፤ ያልተለወጡትን አያውቃቸውም።

ዋልያስ ደግሞ ሌላኛውን መንገድ አሳየ። ሰዓት እላፊ ከተማውን ቤቱ ባስገባበት ዘመን ሂልተን ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሊዞር ሄዶ ግማሹ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የውጭ አሳታሚ አሮጌ ካሴቱን አግኝቶ ዳግመኛ ሲያወጣው፣ በዓለም መድረክ ተጠራ። ይህን ታሪክ ሰው እንደ ተረት ይወደዋል። የማይወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ስሙ ካሴቱ ላይ በግልጽ ባይጻፍ ኖሮ ማን ፈልጎ ያገኘው ነበር?

«ድሮ ነው፣ የትም እንዲህ ነበር» የሚል አይጠፋም። አልነበረም። አሜሪካዊው ናይን ኢንች ኔይልስ እ.ኤ.አ. በ1988 ክሊቭላንድ ላይ የተመሠረተ፣ የፋብሪካ ማሽን የመሰለ ድምፅ ከጊታር ጋር የሚያላትም ባንድ ነው፤ ኢንዱስትሪያል ሮክ ይሉታል። እስከ 2016 ድረስ በይፋ አባሉ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ትሬንት ሬዝነር። ከዚያ አቲከስ ሮስ ተጨመረ። መድረክ ላይ የሚያጅቡት ግን በየዙሩ ይለዋወጣሉ። «ባንዱ እኔ ነኝ» ለማለት ከእሱ የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1994ቱ አልበም ላይ አድሪያን ብሌው ጊታር እንደተጫወተ፣ በ2005ቱ ላይ ዴቭ ግሮል ከበሮ እንደመታ ተጽፏል። እንግዳ ሆኖ የመጣው ሁሉ ስሙ አለ።

በቅርቡም ያው ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ይዞ ሲመጣ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነበር፤ ከሄርቢ ሃንኮክ እስከ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የሠራ ሰው። ሮክ ባንድ ነው ተብሎ ተዋወቀ። ተመልካቹ ግን የለመደውን አደረገ፤ ከፊት የቆሙትን አራት ድምፃውያን ለየና የቀረውን «ባንዱ» አለው። በዚህ አገር ዘፋኝ ከባንድ ሲወጣ ዜና ነው። ባሲስት ሲወጣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው መቀመጡን የሚያስተውለው የድምፅ ባለሙያው ብቻ ነው።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ የሚለው ዘፋኙን ብቻ አይደለም፤ መሣሪያ ተጫዋቹንም ነው። ለከዋኙ የሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። በ2007 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የሮያሊቲ አሰባሰብ ተደነገገ። ታዲያ ስሙ የትም ያልተጻፈ ጊታሪስት ምን ይዞ ይሄዳል? «እኔ ነበርኩ» ብሎ ነው የሚከራከረው? በ1960ዎቹ አጋማሽ ለተቀረጸ ሥራ ደግሞ 50 ዓመቱ አልቋል። መረጃ ሳይሰበሰብ ያለፈው እያንዳንዱ ዓመት ከአንድ ሰው ኪስ የወጣ ነው።

«ሰው የሚከፍለው ዘፋኙን ለማየት ነው» የሚለው መከራከሪያ ጠንካራ ይመስላል። አዘጋጆች ሁሉ ይሉታል። ይሁን፣ ሰው የሚመጣው ለዘፋኙ ነው። ስም መጻፍ ግን ትኬት አይቀንስም፤ ወጪውም የቀለም ነው። የማይጻፈው ተጫዋቹ ስለማያስፈልግ ሳይሆን፣ ስም ያለው ሰው ክፍያ ስለሚጠይቅ ነው።

ወደ ሰሜን ወሎ ሲመለሱ ነገሩ ይብሳል። በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ላሊበላ ኪነት ነበረ፤ ማሪቱ ለገሰን የመሰለ ድምፅ የወጣበት። ማሪቱን ማን ያጣታል? ከኋላዋ ማሲንቆና ክራር የያዙትን፣ ከበሮ የመቱትን ግን ስንት ሰው በስም ይጠራል? በየአውራጃው በነበሩት የኪነት ቡድኖች የተጫወቱ ሰዎች ዛሬ ካሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ጦርነቱ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በወልዲያና በመርሳ ሲያልፍ ቢሮ ተዘረፈ፣ ፋይል ተበተነ። የቀረው ማኅደር የሰው ጭንቅላት ነው። እሱም በየዓመቱ ይቀበራል።

መርሳ ላይ ሠርግ ሲደገስ አሁን የሚጠራው አንድ ኦርጋን ያለው ልጅ ነው፤ ከበሮውም ባሱም ናሱም ከአንድ ሳጥን ይወጣል። ልጁ አይወቀስም፤ እንጀራው ነው፣ ደጋሹም አቅሙን ያውቃል። የሚወቀሰው በየዓመቱ ለበዓል መድረክ በጀት ይዞ፣ ገንዘቡን ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘፋኝ አፍስሶ፣ ለአካባቢው ተጫዋች የትራንስፖርት ብቻ የሚሰጠው ነው። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ መርሳም ካምፓስ አለ። አንድ መቅረጫ የያዙ ሁለት ተማሪዎች አንድ ክረምት ቢሰጡ፣ ከወልዲያ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ ዳር የድሮ የኪነት ሰዎችን ቤት ለቤት ማነጋገር ይችላሉ። ማን፣ ምን ተጫወተ፣ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ። ሌላ ምንም አይጠየቅም። ዴንቨር ያለው የወልዲያ ልጅም በስልክ ይገኛል፤ ጥቁር አንበሳ እነማን እንደነበሩ ከእሱ በላይ የሚጠየቅ ሰው የለም።

የሚቀጥለው የበዓል ፖስተር እስኪታተም ደግሞ ገና ጊዜ አለ። ከዘፋኙ ፎቶ በታች ለስፖንሰሮች አርማ የሚተወው ቦታ ለስድስት ስም ይበቃል።