ከሥራ ግብር የተረፈችው ብር ለማን ትሁን?



እንደሚታወቀው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ የሥራ ግብር ቀንሷል። ቀድሞ ከ600 ብር በላይ ያለው ደመወዝ ሁሉ ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው። ወረቀት ይዘን ቁጭ ብለን ስናሰላው፣ 5,000 ብር ደመወዝ ያለው በወር 197 ብር ከ50፣ 10,000 ያለው 395፣ ከ14,000 በላይ የሚያገኘው 550 ብር ይተርፈዋል።

ባለፈው ስብሰባ «ይህችን ለችግረኛ እንስጣት» የሚል አሳብ ሲነሣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የዘይቱ ዋጋ ገና ድሮ በልቷታል!» ያሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የ600 ብሩ ወሰን የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በ600 ብር የሚገዛውና ዛሬ የሚገዛው አይገናኝም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ብሷል። ስጦታ ሳይሆን የገዛ ላባችን ነው ቢባል አንከራከርም።

ታዲያ ቅናሹ የደረሰው ፔሮል ላይ ለሚፈርም ብቻ ነው። ከሰል ተሸክማ እንጅባራ ገበያ የምትወርደው እናት፣ ድንች የሚጭነው የቀን ሠራተኛ፣ ጧሪ የሌላቸው አዛውንት ዘይቱን በኛው ዋጋ ነው የሚገዙት። ለነሱ የተነሣላቸው ሳንቲም የለም።

የእድራችን ደንብም ቢሆን ሰውን የሚያውቀው ሲሞት ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት እናታችን ጣራቸው እያፈሰሰ ከርመው አረፉ። ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ገንዘቡንም ከፈልን። ያ ገንዘብ በሕይወት ሳሉ ቢሰጥ ቆርቆሮውን ያስለውጥ ነበር። መዝገቡን የያዝነው እኛ ስንጽፈው እጃችን ከብዶታል።

ይሁንና በግዴታ ይቆረጥ የሚለውን አንደግፍም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች ቻግኒ፣ ራንች ሲጠለሉ ልብስና እህል ያዋጣነው ማንም አስገድዶን አልነበረም። (ጥፋታችንም አይካድ፤ የሰበሰብነው ብርድ ልብስ መኪና አጥቶ ሦስት ሳምንት በእድሩ ቤት ተኝቷል።)

ስለዚህ የፈቀደ ሰው ከተረፈው ግማሹን ይስጥ እንላለን፤ ለ5,000 ብር ደመወዝተኛ ወደ 100 ብር መሆኑ ነው። ገንዘቡ ከእድሩ ሣጥን ጋር አይደባለቅ። ገቢና ወጪው በየወሩ በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ የተቀባዩ ስም ግን ፈጽሞ አይለጠፍ። ሰው በችግሩ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። ቤቱ በሽተኛ ያለበት ወይም ልጅ የበዛበት ደመወዝተኛ ባይሰጥ ደግሞ ማንም በክፉ ዓይን እንዳያየው።

እሑድ በእድሩ ቤት እንነጋገርበት። የማን ጣራ መቅደም እንዳለበት የሚያውቅ ክረምቱ ሳይገባ ለጽሕፈት ቤታችን ይንገር።