ሣሩን ማን ያገላብጠው?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የድርቆሽ ሜዳዎች፣ በተለይም በሱሉልታ፣ በትራክተር የሚጎተት ሰፊ የሣር ማገላበጫ ይግባ ወይስ ይቆይ? የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ወተት አምራች ናቸው፤ ሁለተኛው የመኖ ባለሙያ።

ይግባ! (ወተት አምራቿ)

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሱሉልታን ሜዳ ያየ ሰው፣ ኅዳር ላይ በጭነት መኪና ተቆልሎ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ገለባ መሳይ ነገር ያው ሣር ነው ቢባል ማመን ይቸግረዋል። በክረምት ማገጡ ከሣሩ ጋር ተጠላልፎ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ለምለም፣ አገዳው ለስላሳ ነው። ከዚያ ሣሩ ያፈራል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ አገዳው እንጨት ይሆናል። እኛ ማጭድ የምናነሣው ይኼኔ ነው። ፕሮቲኑ ካለቀ በኋላ አጭደን፣ የጎደለውን በፉርሽካና በፋጉሎ ልንሞላ ገበያ እንወጣለን። ፋጉሎውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ከዓመታት በፊት በከተማዋ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ሲገኝ ጣት የተቀሰረው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር።

ለምን እንዘገያለን? ዝናብ ፈርተን ነዋ። መስከረም ላይ ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ ከሰዓት ዶፍ ይወርዳል። ታጭዶ የረጠበ ሣር ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ሁሉም «መስቀል ይለፍ፣ ጥቅምት ይጥባ» እያለ ይጠብቃል።

ሒሳቡን እንየው። አሁን የታጨደ ሣር ከመቶ 80 እጁ ውኃ ነው። ያለ ሥጋት ታስሮ የሚከመረው ውኃው ወደ 15 ከመቶ ሲወርድ ነው። ይህ ማለት አንድ ኩንታል ድርቆሽ ለማግኘት 425 ኪሎ እርጥብ ሣር አጭደን፣ 325 ኪሎ ውኃ በፀሐይና በነፋስ ማስወጣት አለብን። በማጭድ ተጥሎ በተኛበት የቀረ ሣር ከላይ ሲደርቅ ከሥሩ እርጥብ ነው። ደግሞም ሣር እንደታጨደ አይሞትም፤ ውኃው ወደ 40 ከመቶ እስኪወርድ ድረስ ይተነፍሳል፣ የራሱንም ስኳር ያቃጥላል። ላሚቱ ልትበላው የነበረውን ጉልበት ሣሩ ራሱ ይበላዋል ማለት ነው። ያልደረቀውን ቸኩለን ብናስር ደግሞ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ካለፈ እሳት እስከመነሣት ይደርሳል።

ማገላበጫው ይህን ጊዜ ያሳጥራል። ከትራክተሩ ኋላ ይገጠማል፤ የሚሽከረከሩት መዘውሮች ላይ የተተከሉ የብረት ጥርሶች ሣሩን ከመሬት አንሥተው አየር ላይ ይበትኑታል፣ ሳስቶም ሜዳውን አልብሶ ይወድቃል። ሁለት መዘውር ያለው 3 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በጀርመንና በአየርላንድ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካም ከ10 ሜትር የሚሰፉ አሉ፤ 17 ሜትር የደረሱም ተሠርተዋል። እነዚያ ሰዎች ወርድ የጨመሩት ለመታየት አይደለም። ጤዛ ከተነሣ በኋላ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ጠባብ ማሽን የሜዳውን ጫፍ ሳይደርስ ደመናው ይመጣል። 6 ሜትር የሚሸፍን ማገላበጫ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወረቀት ላይ 5 ሄክታር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መዞሪያውንና መቆሚያውን ቀንሱና 3 በሉት። ያንን ሜዳ በመንሽ ለማገላበጥ ስንት ሰው እንደሚጠይቅ፣ የቀን ሠራተኛም በበዓል ሰሞን እንዴት እንደሚጠፋ ለሚያውቅ አላብራራም።

«ማን ይገዛዋል?» ይባላል። በአርሲና በባሌ ስንዴውን በኮምባይነር የሚያሳጭደው ገበሬ አብዛኛው ኮምባይነር የለውም፤ ይከራያል። ማገላበጫውም እንዲሁ ይከራይ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ማለቴ ነው፣ ስለ ላም ዝርያ ያልተባለ ነገር የለም። ያቺ የተሻሻለች ላም ስለምትበላው ድርቆሽ ግን ዝም ነው።

ይቆይ! (የመኖ ባለሙያው)

እህቴ ሣሩ ዘግይቶ ይታጨዳል ያሉት ሐቅ ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። የምንለያየው በምክንያቱ ነው።

የሱሉልታ ሜዳ አፈሩ ዋልካ ነው። መስከረም ላይ ውኃ ተኝቶበታል፤ በሬ እንኳ እየሰመጠ ነው የሚሄድበት። እርስዎ ደግሞ ከ3 ቶን በላይ የሚመዝን ትራክተር ሊያስገቡበት ነው። ጎማው የቦረቦረው መስመር በሚቀጥለው ክረምት ውኃ ይይዛል፤ ውኃ በቆመበት ደግሞ ማገጡ ይጠፋና ቄጠማ ይወርሰዋል። የዘንድሮን ጥራት እናሻሽል ብለን የከርሞውን ሜዳ እንገድላለን። ዋልካ ስንቱን ፈጠራ እንደዋጠ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውኃውን የሚያጠነፍፍ መደብ ማውጫ ከሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ ሠራ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ነገር ግን ለበሬዎቹ ከበደ፣ ገበሬውም በሰፊው አልያዘው።

ጥቅምት ሲጠባስ? ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው፣ ስስ ተደርጎ የተዘረጋ ሣር በጥቂት ቀን ራሱ ይደርቃል። በካሊፎርኒያና በአይዳሆ አልፋልፋ የሚያመርቱ ሰዎች ትልቅ ትልቅ ማሽን ሞልቷቸው ማገላበጫውን እምብዛም አይነኩትም፤ ፀሐያቸው ይበቃቸዋል። እንግዲህ መስከረም ላይ አይገባም፣ ጥቅምት ላይ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ማገጥ እንደ አልፋልፋ ቅጠሉ ከአገዳው ቀድሞ ይደርቃል፤ አብዛኛው ፕሮቲን ያለው ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ነው። ከፊል የደረቀውን በብረት ጥርስ ሲመቱት ቅጠሉ ብናኝ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል፣ አገዳው ታስሮ ይሄዳል። ከላይ አረንጓዴ የሚመስለውን እስር ፈትተው ጨብጠው ይዩት፤ እጅዎ ላይ የሚቀረው እንጨት ነው። ጥርሱ ዝቅ ካለ ደግሞ አፈርና የደረቀ እበት ከሣሩ ጋር ይቀላቅላል። የእኛ ሜዳ እንደ አውሮፓው የተደለደለ አይደለም፤ ጉብታው፣ ድንጋዩ፣ የምስጥ ኩይሳው ብዙ ነው። ጥርሱ ድንጋይ መትቶ ሲሰበር ቁራጩ ድርቆሽ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ላም ብረት ስትውጥ ምን እንደሚከተል እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

ዋናው ጉዳይ ግን ገበያው ነው። ድርቆሽ የሚሸጠው በእስር ቁጥር ነው። ገዢው ቀለሙን ያያል፣ ያሸታል፣ ዋጋ ይከራከራል፤ ፕሮቲኑን የሚጠይቅ የለም። ሣሩ በቆየ ቁጥር እስሩ ይበዛል። ታዲያ ባለ ሜዳው ምን በወጣው ቀድሞ ያጭዳል? ዝናቡ ነገ ቢያቆም እንኳ እስከ ጥቅምት ማለቂያ የሚያስጠብቀው ይኼ ነው። ጥራት ካሻን አጃና ቬች ዘርተን በጊዜው አጭደን፣ እርጥቡን በላስቲክ አፍነን ሳይሌጅ ማድረግ አለልን። ማድረቅ ነው ከተባለም ኖርዌዮች በዝናባማ አገራቸው ሣሩን በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አጥር ላይ ሰቅለው ያደርቁ ነበር። እንጨቱ እዚሁ አለ፤ ናፍጣም አይጠይቅ።

መልስ (ወተት አምራቿ)

ጋሼ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ትራክተር ይግባ ያልኩ አስመሰሉብኝ። እኔ የምለው መስቀል ባለፈ ማግስት ስላሉት ሁለት ሳምንታት ነው። ያኔ ዳር ዳሩና ተዳፋቱ ጠንፍፏል፤ መሐሉ ረግረግ ከሆነ መሐሉ ይቆይ። ሰማዩ ግን ገና አልታመነም፣ አንዳንድ ቀን ያካፋል። ሣሩ ለመድረቅ አራት ቀን ከፈለገ ማንም አይደፍርም፤ ሁለት ቀን ከሆነ ይደፈራል። ከኅዳር ወደ ጥቅምት መባቻ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮቲኑ ከ7 ከመቶ በታች የወረደ ድርቆሽ በላሚቱ ጨጓራ ያሉትን ረቂቅ ሕዋሳት አይመግባቸውም፣ መፍጨቱ ይዘገያል፣ ሆዷ ሞልቶ ወተቷ ይቀንሳል። የእኛ ሜዳ የዘገየ ሣር የሚዋልለው እዚያው አፋፍ ላይ ነው።

ቅጠል ይረግፋል ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያረግፈው በደረቀ ሣር ላይ የሚነዳ ሹፌር ነው። በታጨደበት ቀን ገና እርጥብ ሳለ፣ በማግስቱም ጤዛው ሙልጭ ብሎ ሳይጠፋ፣ የመዘውሩን ፍጥነት ቀንሶ ማገላበጥ ይቻላል።

ሳይሌጁን አልቃወምም። ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከሱሉልታ ቃሊቲ ድረስ በመኪና ውኃ ማመላለስ ያዋጣል? ላስቲኩ ከተቀደደም ይበላሻል። ገበያውን በተመለከተ፣ ለራሱ ላሞች የሚያጭድ አርቢ የእስር ቁጥር ምኑ ነው? ከእሱ እንጀምር።

አጸፋ (የመኖ ባለሙያው)

ለራሱ የሚያጭድ አርቢ ካሉኝ እስማማለሁ፤ ለእሱ ግን 3 ሜትሩ ይበቃዋል፣ ትንሽ ትራክተርም ይጎትተዋል። ሰፊው ያለ ኪራይ አያዋጣም፣ ኪራዩ ላይ ደግሞ የኮምባይነሩ ምሳሌ አይሠራም። ስንዴ በቆላው ቀድሞ፣ በደጋው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ባለ ኮምባይነሩ እየተከተለ ለወራት ይሠራል። የደረሰ ስንዴ ባለ ማሽኑን ጥቂት ቀን ይጠብቃል። የታጨደ ሣር ግን አይጠብቅም። ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት አጭዶ፣ በአንድ ጠዋት፣ አንድ ማሽን ይፈልጋል። ደመናው እንጦጦ ላይ ሲቋጠር ወረፋው የማን ነው? ገንዘብ ያለው ይቀድማል፣ ባለ ሁለት ላሟ ከነመንሿ ትቀራለች።

ወተት አምራቿ

ወረፋው እንዳይረዝም አይደል ሰፊ ይሁን ያልኩት! ክንዱን አጥፎ በመንገድ ሲሄድ ከጭነት መኪና ብዙም አይሰፋም፤ በአንድ ጠዋት አምስት ስድስት ሜዳ ይደርሳል። ባለ ሁለት ላሟ ያሳሰበችዎ ከሆነ ማሽኑ በማኅበር ይገዛ፣ ወረፋውም ማኅበሩ ባለበት በዕጣ ይውጣ።