የአባያ ዳርቻ ዕይታ ሞልቶት ጀልባ ያጣው ለምንድነው?

«ዕይታ አለው»። የሐይቅ ዳር ቦታ የሚያገናኝ ደላላ መጀመሪያ ከአፉ የምትወጣው ቃል ይህች ናት። በወላይታ ዞን ደግሞ ቃሏ ሐሰት የለባትም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ሁምቦ ከታለፈ በኋላ በስተግራ የሚዘረጋው የአባያ ሐይቅ፣ በስተምዕራብ ደግሞ በኪንዶ ኮይሻና በኪንዶ ዲዳዬ ገደላገደሎች ሥር የተኛው የጊቤ 3 ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ የሁለቱም ዕይታ ዐይን ያፈዛል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ይዞ የተነሣ ሰው ከዕይታው አልፎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ያህል ውበት ባለበት ውኃ ላይ ጎብኚ የጫነ ጀልባ ለምን ጥቂት ሆነ?

በከተማው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ውኃው ቀይ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከደጋው እየታጠበ በቢላቴና በሌሎች ወንዞች የሚወርደው ሸክላማ አፈር አባያን ቀይ ቡናማ አድርጎታል። ግን የላንጋኖ ውኃም ቡናማ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሑድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ሄዶ ይዋኝበታል። ሁለተኛው መልስ «አዞ አለ» ይላል። ጫሞም አዞ አለው፤ እንዲያውም አርባ ምንጭ ላይ ጀልባ የሚከራየው «የአዞ ገበያ» የሚባለውን ቦታ ለማየት ነው። ሦስተኛው «ማስታወቂያ የለም» የሚል ነው። ወደ ነጭ ሣርና ወደ ደቡብ ኦሞ የሚጓዘው ቱሪስት ግን በዚሁ በሶዶ መንገድ ሲያልፍ አባያን በዐይኑ ያየዋል። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም። ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ አርባ ምንጭ ደርሶ ገንዘቡን እዚያ ያወጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ምክንያቱ ሌላ ነው። ጀልባ ከአንድ ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚሄድ የማመላለሻ ዕቃ ነው። ተሳፋሪው የሚወርድበት፣ የሚበላበት፣ የሚያየውና ተመልሶ የሚሳፈርበት ሁለተኛ ቦታ ከሌለ፣ የመጀመሪያው ወደብ የቱን ያህል ቢያምር የሚነሣበት ምክንያት የለውም። ወደብ ጥንድ ነው። በወላይታ ዳርቻ የጎደለውም ጥንዱ ነው።

ጋምቤላ ለምን ሞቀች? ለምንስ ቀዘቀዘች?

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የማቋቋም መብት አገኙ። ጋምቤላ የተባለችው ወደብ የተወለደችው በዚህ ነው፤ እስከ 1956 ድረስም በሱዳን በኩል ስትተዳደር ቆየች። መርከቦቹ ከካርቱም እየተነሡ የሚመጡት ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። ሲመጡ ጨውና ጨርቅ አምጥተው ሲመለሱ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭናሉ።

ለባሮ ዕይታ ብሎ ከካርቱም የተነሣ መርከብ አልነበረም። በዚህ ጫፍ ቡና፣ በዚያ ጫፍ ገበያ ስለነበረ መጡ። ወንዙ በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያስኬድ ሆኖ ሳለ ንግዱ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። ጥንዱ ሲቋረጥና ቡናው በሌላ መንገድ መውጣት ሲጀምር፣ ባሮ እንደ ድሮው እየፈሰሰ መርከቡ ቀረ።

ጣናም ሌላ ነገር አይነግረንም። ባሕር ዳር ላይ ጀልባ የሚከራይ ሰው ዘጌ ይወርዳል፣ ገዳማቱን ይሳለማል፣ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ጀልባውን የሚያንቀሳቅሱት በውኃው ዙሪያና መካከል ያሉት ማረፊያዎች ናቸው።

ከአገር ውጭ ብንመለከትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዛሬ ክሮኤሺያ በምትባለው አገር የተቋቋመው ኤሲአይ የተባለ ድርጅት በአድሪያቲክ ባሕር ዳር በሰንሰለት መልክ የተያያዙ የጀልባ ማረፊያዎችን ዘረጋ፤ ዛሬ ከ20 በላይ ናቸው። ባለ ጀልባው ከአንዱ ተነሥቶ ከመምሸቱ በፊት ሌላው ላይ ይደርሳል። በመሆኑም አንዱ ማረፊያ ለሌላው ደንበኛ ይልክለታል። በአንጻሩ በቀይ ባሕር ላይ ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ውበታቸው የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ለመግባት የተለየ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው በመሆናቸውና አገልግሎትም ስለሚያንሳቸው ጎብኚ ጀልባ እምብዛም አያዩም።

ዳርቻው ቆሞ አይጠብቅም

ወደ ወላይታ እንመለስና ውኃውን ራሱን እንመልከት። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትልቁ ነው። ስፋቱን አይቶ ጥልቅ ነው የሚል ካለ ይሳሳታል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ 13 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ይናወጣል። ዳርቻው ደግሞ ደለል የሚከማችበት በመሆኑ ዛሬ ጀልባ የተጠጋበት ቦታ ከዓመታት በኋላ ጭቃ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ በጣና ያስለቀሰን እምቦጭ በአባያም ታይቷል። እንግዲህ በዚህ ዳርቻ ላይ የማይነቃነቅ የሲሚንቶ መድረክ መሥራት ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መትከል ነው።

የጊቤ 3 ጉዳይ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከበስተኋላው የተኛው ሐይቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይዘልቃል፤ ሲሞላም ወደ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ነገር ግን ይህ ውኃ የተጠራቀመው ተርባይን ለማዞር ነው፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል። በመስከረም ውኃው ደጃፉ ላይ የደረሰለት ባለ ሎጅ በግንቦት ከገደል አፋፍ ላይ ቁልቁል ሊያየው ይችላል። እዚህ የሚያዋጣው ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ፣ እንዲሁም እስከ ዝቅተኛው የውኃ ልክ የሚወርድ የመኪና መንገድ ነው። የውኃውን ውጣ ውረድ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሳይጠይቅ የግንባታ ንድፍ የሚያሠራ ባለሀብት፣ የወንዝ ሙላትን ሳይጠይቅ ድልድይ እንደሚሠራ ሰው ነው።

አንድ ውኃ፣ ብዙ ማኅተም

ጥንድ ማረፊያ ስንል ሁለተኛው ማረፊያ ብዙ ጊዜ በሌላ አስተዳደር ሥር ይወድቃል። የአባያን ዳርቻ የደቡብ ኢትዮጵያ፣ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች ይጋሩታል። በጊቤ 3 በኩል ደግሞ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲሆን፣ ማዶ ያለው ዳውሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። እንግዲህ ከዚህ ዳር የተነሣ ጀልባ ማዶ ሲደርስ ክልል ተሻግሯል። የጀልባው ብቃት፣ የነጂው ፈቃድ፣ የተሳፋሪው መድን በሁለቱም ዳር እኩል ካልታወቀ፣ ባለ ጀልባው ማዶ መውረዱን ትቶ ክብ ዞሮ ይመለሳል። ክብ ዞሮ የሚመለስ ጀልባ ደግሞ ያው አንድ ጊዜ ታይቶ የሚበቃ መዝናኛ ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ነጋዴ የሚያምነው ሂሳብን ነውና ወደዚያው እንሂድ። ለጎብኚ ብቻ የተገዛ ጀልባ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ቢሠራ፣ አንድም ሳምንት ሳያስተጓጉል በዓመት 104 ቀን ሠራ ማለት ነው። በቀሩት 261 ቀናት ቆሞ ይበላል፤ የዘበኛ ደመወዝ፣ የባንክ ወለድ፣ የሞተር እድሳት፣ የመድን ክፍያ እሑድንና ማክሰኞን አይለዩም። የ104 ቀን ገቢ የ365 ቀን ወጪ እንዲሸፍን ሲጠበቅ ባለ ጀልባው ዋጋ ይቆልላል። ዋጋው የከበደበት ጎብኚ ከዳር ሆኖ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። ገቢው ሲቀንስ ዋጋው እንደገና ይጨምራል።

ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው የሥራ ቀን ጭነት ነው። አባያ ላይ ዓሣ አለ፤ በዙሪያው ገበያ የሚሻገር ሰው አለ፤ በሐይቁ ውስጥ ጊዲቾን የመሰለ፣ ሕዝቡ ለብዙ ትውልድ በታንኳ የኖረበት ደሴት አለ። በረዶ ቤትና የዓሣ ማራገፊያ ያለው ማረፊያ ከሰኞ እስከ ዓርብ በዓሣና በተሳፋሪ ይሠራል፤ ቅዳሜ የሚመጣው ጎብኚ ከወጪው በላይ ትርፍ ይሆናል። ጎብኚውም ቢሆን ሕይወት ያለበትን ዳርቻ ይወዳል። የሐዋሳው አሞራ ገደል ሰው የሚጎርፍበት ዓሣ አጥማጁ፣ ጠባሹና በላተኛው አንድ ላይ ስለሚገኙበት መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ምን ይደረግ?

የወላይታ ሶዶ ደንበኛ ጨምሯል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2023 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ለስብሰባ የመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ትርፍ ቀን አለው። ያንን ቀን ዛሬ የምታገኘው በአብዛኛው አርባ ምንጭ ወይም ሐዋሳ ናት። ይህን ለመለወጥ የሚከተሉት ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ቢፈጸሙ መልካም ነው።

አንደኛ፣ በሁምቦ በኩል በአባያ ዳር አንድ የጋራ ማረፊያ ይሠራ። እያንዳንዱ ባለ ሎጅ የራሱን መድረክ ለብቻው ከሚገነባ በአክሲዮን አንድ ላይ ቢያዋጡ ወጪው ይቀልላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነዳጅ፣ መካኒክ፣ የሕይወት አድን ጃኬትና በረዶ በዚያው ይገኙ።

ሁለተኛ፣ በጊቤ 3 ላይ ጥንዱ ግማሹ አለ። በዳውሮ በኩል በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው የሃላላ ኬላ ሪዞርት ጎብኚ የሚወርድበት፣ የሚበላበትና የሚያድርበት ቦታ ነው። የወላይታ ባለሀብት ከዚያ ጋር የሚፎካከር ሁለተኛ ሪዞርት ከመገንባቱ በፊት፣ ወደዚያ የሚያሻግርና ከዚያ የሚመጣውን የሚቀበል ተንሳፋፊ ማረፊያ ቢሠራ ያዋጣዋል። ከሪዞርቱ ተሻግሮ የሚመጣው እንግዳ የሶዶን ቁርጥ፣ የወላይታን ዳጣና የአጆራን ፏፏቴ ሊያይ የሚመጣ ደንበኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ክልሎቹ በኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን አማካይነት በሁሉም ዳር የሚሠራ አንድ የጀልባና የነጂ ማረጋገጫ ይስማሙ።

አራተኛ፣ ማረፊያውን ከደለል የሚያድነው ከላይ ያለው ተራራ ነውና ገንዘብ ወደዚያም ይሂድ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሁምቦ ተራራዎች ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ መሬት ተከልሎ ደኑ ከጉቶው እንዲያገግም ተደርጓል፤ ካርቦኑም ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሽጧል። ያ ደን የያዘው አፈር ወደ ሐይቁ አልወረደም ማለት ነው። የወደብ ባለ አክሲዮኖች ለዚህ ደን ጥበቃ የሚያዋጡት ገንዘብ፣ ነገ ደለል ለማስቆፈር ከሚከፍሉት ያነሰ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ «ዕይታ አለው» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ገዢም ደላላም ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ከዚህ የተነሣ ጀልባ የት ደርሶ ይወርዳል? በግንቦት ውኃው የት ይሆናል? ጀልባው ማክሰኞ ምን ይጭናል? ለሦስቱም መልስ ካለ ቦታው ዋጋ አለው። መልስ ከሌለ ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነውና፣ ለሊዝ የታሰበው ገንዘብ በባንክ ቢቆይ ይሻላል።