የባድመ ምስክሮች ሳያልፉ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚተርከውን «ዘ ወርልድ አት ዋር» ገርጂ ከሚኖሩ ወዳጆቼ ጋር በየምሽቱ አንድ አንድ ክፍል እያየን ሰሞኑን ጨረስነው። የእንግሊዙ ቴምዝ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1973 ማሳየት የጀመረው ይህ ዘጋቢ ፊልም 26 ክፍሎች አሉት። ለ1928ቱ የጣሊያን ወረራ የተሰጠ አንድም ክፍል ግን የለም። ወዳጆቼ በዚህ ተቆጡ።

ቁጣቸው ይገባኛል። ይሁንና የራሳችንን ታሪክ እኛስ መቼ በወጉ ቀረፅነው? የፊልሙ ጉልበት ምስክሮቹ ናቸው። አዘጋጁ ጄረሚ አይዛክስ ጦርነቱ ካበቃ ከ28 ዓመት በኋላ የሂትለርን ሚኒስትር አልበርት ሽፔርን ሳይቀር አናግሯል። ተራው ወታደርም፣ ከቦምብ ያመለጠው ሲቪልም፣ ተሸናፊውም በራሱ አንደበት ይናገራል።

የአርበኞቻችን ትውልድ አልፏል ማለት ይቻላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነውን በልጅነቱ ያየ ሰው ዛሬ ዕድሜው ወደ መቶ ይጠጋል። በ1990 ዓ.ም. የጀመረው የባድመ ጦርነት ግን በአልጀርስ ስምምነት የተቋጨው በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ነው። ምሽግ ውስጥ የከረሙት፣ የተፈናቀሉት፣ ከሁለቱም አገሮች የተባረሩት ዛሬም በመካከላችን አሉ።

በ2010 ዓ.ም. ዕርቅ ሲወርድ እነዚህን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? በ2017 ዓ.ም. የጦርነት ወሬ ዳግም ሲሰማስ? በዓል በመጣ ቁጥር ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ወጣት ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ከየት ይማራል? የአዲስ አበባውንም የአስመራውንም እናት ድምፅ የሚያሰማ ሥራ ያስፈልገናል። ጊዜውም አሁን ነው።