ረሃብ ገበና አይደለም

«አሜሪካ መጥቶ የሚራብ ሰነፍ ብቻ ነው።» ይህን ንግግር በሲልቨር ስፕሪንግ ካፌዎች፣ በአሌክሳንድሪያ ሠርግ ቤቶች፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚጠጣው ሻይ ዙሪያ ስሰማ ኖሬአለሁ። ከእንግዲህ ግን ሰምቼ አላልፈውም። ሐሰት ነው፤ ከሐሰትም አልፎ ጭካኔ ነው።

እውነቱ ይኸውላችሁ። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ዋሽንግተን ዲሲን፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን፣ እንዲሁም ሰሜን ቨርጂኒያን የሚያገለግል ድርጅት ነው። በየዓመቱ የሚያወጣው የረሃብ ሪፖርት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአካባቢው ነዋሪ 37 በመቶው፣ በ2025 ደግሞ 36 በመቶው በቂ ምግብ ስለማግኘቱ እርግጠኛ አልነበረም። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው፤ ያውም በአገሪቱ እጅግ ሀብታም ከሚባሉት አካባቢዎች በአንዱ!

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሥራ አላቸው። እኛም እናውቃቸዋለን። አንዱ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ሲቀበል የሚያድረው ወንድማችን ነው። አንዱ በደለስ ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፋ የሚውለው ነው። አንዷ ቀኑን ሙሉ አዛውንት ስትንከባከብ ውላ ወደ ሁለተኛ ሥራዋ ለመሄድ አውቶቡስ የምትጠብቀው እህታችን ናት። ስንፍናው የቱ ጋ ነው? የቤት ኪራዩ፣ የልጅ መዋያው፣ የመኪናው ኢንሹራንስ ደመወዙን ቀድመው ይበሉታል። ኪራይ ያልከፈለ ከቤት ይወጣል፤ እራቱን የዘለለ ግን ማንም አይከሰውም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሆድ የሚቀነሰው።

ይህን ረሃብ የማናየው ስለሚደበቅ ነው። በበጎ ፈቃድ በማገለግልበት የምግብ ማደያ፣ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባ የተሰለፈች አንዲት እናት በአማርኛ ሰላም ስላት ክው አለች። «በእናትህ፣ ለማንም እንዳትናገር» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ። ልጆቿን ልታበላ የመጣችን እናት እንደ ጥፋተኛ ያሳቀቃት ማን ነው? የማደያው ሠራተኞች አይደሉም፤ ስሟን እንኳ ሲጠሩ በአክብሮት ነው። የፈራችው እኛን ነው። ሐሜታችንን፣ ከንፈር መጠጣችንን፣ «የእገሌ ሚስት ሰልፍ ላይ ታየች» የምንባባለውን ነው።

ኢትዮጵያዊ ግን ረሃብን መደበቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲረግፍ ቤተ መንግሥቱ ሸፋፈነው፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ እስኪያሳይ ድረስ ዓለም ጉዳዩን በቅጡ አላወቀም። በመስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ሲያከብር የሰሜኑ ሕዝብ እያለቀ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ወገናችንን የጨረሰው ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ዝምታውም ጨርሶታል። ከዚያ ወዲህ ስማችን ከረሃብ ጋር መነሣቱ ስላሳፈረን «ራበኝ» ማለትን ውርደት አድርገን ቆጠርነው። የተራበ ሰው ምን ውርደት አለበት? የሚዋረደው እያየ የሸፈነው ነው።

አሁን ደግሞ የዚህ አገር መንግሥት ራሱ ሽፈናውን ተያይዞታል። በጁላይ 2025 የጸደቀው ግዙፍ ሕግ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የመንግሥት የምግብ ድጎማ በጀት ክፉኛ ቆረጠ። ስደተኝነታቸው ተረጋግጦ የገቡትንና አሳይለም ያገኙትን ሰዎች ሳይቀር፣ ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከተጠቃሚነት አስወጣ። የእኛ ሰው እዚህ ውስጥ የለም የሚል ካለ ጎረቤቱን ይጠይቅ። በዚያው ዓመት የግብርና ሚኒስቴሩ ለፉድ ባንኮች ሊልክ ካዘጋጀው ምግብ ከፊሉን ሰረዘ። በሴፕቴምበር ደግሞ ለ30 ዓመት ያህል የአገሪቱን ረሃብ ሲለካ የኖረውን ዓመታዊ ሪፖርት እንደሚያቆም አስታወቀ። ቀጥሎ መንግሥት ለ43 ቀናት ተዘጋ፤ በኖቬምበር መጀመሪያ የ42 ሚሊዮን ሰው ፉድ ስታምፕ ተስተጓጎለ፤ ደመወዝ የቀረባቸው የፌዴራል ሠራተኞች ምግብ ለመቀበል ተሰለፉ። ከድሃው አፍ ነጥቆ፣ ስንቱ እንደተራበ መቁጠሩንም ማቆም! እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ከአገር ቤት እናውቀዋለን።

ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክን መደገፍ ግዴታችን ነው የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው። ያበላል፤ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በአደባባይ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ቆሟል። ምግቡን በመጋዘን ሰብስቦ 400 ገደማ ለሚሆኑ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቶችና በጎ አድራጎት ማኅበራት ያከፋፍላል፤ በዓመት ከ60 ሚሊዮን ማዕድ በላይ የሚሆን ምግብ በዚህ መንገድ ይደርሳል። አሠራሩ ከእድራችን አይለይም፤ ሁሉም ያዋጣል፣ የከፋው ይወስዳል። በእድር ድንኳን ሥር የተቀመጠ ሐዘንተኛ ሲያፍር አይተን እናውቃለን?

«ፉድ ባንክ ረሃብን አያጠፋም፤ ሥራው የመንግሥት ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የአገሪቱ ፉድ ባንኮች ማኅበር ራሱ እንደሚለው፣ እነሱ አንድ ማዕድ ሲያቀርቡ ፉድ ስታምፕ ዘጠኝ ያቀርባል። ስለዚህ ዜግነት ያለህ ሁሉ ለኮንግረስ ተወካይህ ደውል፤ ምርጫ ሲመጣ ይህን ጠይቅ። ሕጉ እስኪስተካከል ግን ሕፃኑ ዛሬ ማታ መብላት አለበት። እሱን «ጠብቅ» የሚለው ማነው?

እንግዲህ የሚደረገውን በግልጽ ልናገር። ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ጣሳ ይዞ መሄድ ይቅር፤ በየወሩ ገንዘብ ስጡ። ፉድ ባንኩ በጅምላ ስለሚገዛ ያው 20 ዶላር በእሱ እጅ ሲሆን ከእናንተ የበለጠ ይገዛል። አባቶች ሆይ፣ ሼኮችና ፓስተሮች ሆይ፣ ትላልቅ ሕንጻ ገዝታችኋል፤ ከአዳራሹ አንዱን ክፍል ለምግብ ማደያነት አዘጋጁና ፉድ ባንኩን «አጋር አድርገን» በሉት። በሑዳዴ የሥጋ ጣሳ ለጾመኛ ምን ያደርጋል? ሐላል ያልሆነስ ለሙስሊሙ? ምስሩን፣ ሽሮውን፣ እንጀራውን የሚያውቅ የእኛ ባለ ሱቅ ነው፤ ያ ባለ ሱቅ ከትርፉ ያካፍል። ቅዳሜን ለሠርግ የምናውል ወጣቶች፣ አንዷን ቅዳሜ መጋዘን ገብተን ካርቶን እንሙላ።

አንቺም ሰልፍ የፈራሽው እህቴ፣ አንተም ለልጅህ አጉርሰህ ራስህ ጾምህን የምታድረው ወንድሜ፣ ነገ ሂዱ። ቀና ብላችሁ ሂዱ። ለምግቡ ግብር ከፍላችኋል፤ ይህችን ከተማ በጉልበታችሁ አቁማችኋል። ሰልፍ ላይ አይቶ የሚያማችሁ ካለ፣ የሚያፍረው እሱ ይሁን።