«ለሁለት ሳምንት ብቻ አበድሪኝ» አለኝ

ለዛሬ ይዤ የቀረብኩት የአንዲት እህታችንን ደብዳቤ ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፋለች። ስለ ፍቅር ነው ብዬ ጀመርኩት፣ መሀሉ ላይ ስለ ገንዘብ ሆነብኝ፣ መጨረሻው ላይ ሁለቱም አንድ ሆነው አገኘኋቸው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ዕድሜዬ 24 ነው። አባቴም እናቴም የአረቅጥ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ መርካቶ ነው። አምና ለመስቀል አገር ቤት ገብተን ሳለ ከአረቅጥ ወጣ ብላ ያለች አንድ ትምህርት ቤት አየን። ትምህርት ገና አልተጀመረም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ዴስክ የሚባል የለም፤ ድንጋይ ነው በረድፍ በረድፍ የተደረደረው። ልጆቹ እሱ ላይ ተቀምጠው ነው የሚማሩት አሉን።

አዲስ አበባ ስንመለስ 20 ሆነን ክበብ አቋቋምን። ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 200 ብር እናዋጣለን፤ እስከዚህ ነሐሴ 92 ሺህ ብር ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ የክትፎ ፕሮግራም አዘጋጅተን ትኬት ሸጥንና ወጪው ተቀናንሶ 118 ሺህ ብር ተረፈን። በድምሩ 210 ሺህ ብር። ወልቂጤ ያለ አናጺ 70 ዴስክ እያንዳንዱን በ3 ሺህ ብር ሊሠራልን ተስማምቷል፤ ቀብዱን የምንሰጠው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ። ክበባችን ስላልተመዘገበ የባንክ ደብተሩ በኔ ስም ነው።

ሊቀመንበራችን ፍቅረኛዬ ነው። መርካቶ ልብስ ይነግዳል። ባለፈው ሳምንት ‹ለመስቀል ዕቃ ማስገባት አለብኝ፣ 120 ሺህ ብር ለሁለት ሳምንት ብቻ አበድሪኝ፣ እስከ ጳጉሜን 3 እመልሳለሁ፣ ያው የኛው ገንዘብ አይደል?› አለኝ። እንዳስብበት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ሲደውል ድምፁ ተቀይሯል። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እምቢ ብለው ፍቅራችን የሚፈርስ ይመስለኛል፤ እሺ ብለው እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ መልሴን ላስቀድም። አትስጪው!

ይህን ያልኩት ልጁ ሌባ ነው ብዬ አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ልጁ ክበቡን ከመሠረቱት አንዱ ነው፣ ትኬቱንም ከሁላችሁም በላይ የሸጠው እሱ እንደሆነ ጽፈሻል። ሌባ ቢሆንማ ነገሩ እንዴት በቀለለ ነበር! ችግሩ ያለው «የኛው ገንዘብ» ያላት ቃል ላይ ነው።

እስቲ ገንዘቡን እንቁጠረው። ከ210 ሺህ ብሩ ውስጥ 118 ሺህ ብሩን ያመጡት የናንተ አባላት አይደሉም። ክትፎውን ሊበላ የመጣው ጎረቤት፣ አብሮ አደግ፣ የአባትሽ ወዳጅ ነው ያመጣው። ያ ሰው ትኬቱን ሲገዛ «ለአረቅጥ ልጆች ዴስክ» ተብሎ ተነገረው። ክትፎማ ከፈለገ ሥጋ ቤቱ በየመንደሩ አለለት። ስለዚህ ያ ገንዘብ ካንቺ እጅ የገባው በአደራ ነው። 92 ሺህ ብሩም ቢሆን ከየኪሳችሁ ከወጣ በኋላ የያንዳንዳችሁ መሆኑ ቀርቷል። ልጁ ከዚህ ውስጥ የራሱን ድርሻ ልውሰድ ቢል እንኳ በ23 ወር ያዋጣው 4,600 ብር ነው። የጠየቀሽ ግን 120 ሺህ ብር ነው።

ይህ የኔ ፈሊጥ እንዳይመስልሽ። ላየንስ ክለብ የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል። በ1917 እ.ኤ.አ. ሜልቪን ጆንስ በሚባል የቺካጎ የኢንሹራንስ ነጋዴ አነሳሽነት የተመሠረተ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨ የበጎ አድራጎት ክለብ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ የማይነካ ደንብ አላቸው። ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ ተመልሶ ለሕዝብ ይውላል። ለክለቡ ለራሱ ማስተዳደሪያ፣ ለስብሰባው ለምኑ፣ የሚወጣው ከአባላት መዋጮ ነው። ሁለት ኪስ ማለት ነው፤ አንዱ ኪስ ሲጎድል ከሌላው አይሞላም።

በነገራችን ላይ ይህ ደንብ እናንተንም ዛሬውኑ ይነካችኋል። 70 ዴስክ በ3 ሺህ ብር ስታባዢው ልክ 210 ሺህ ብር ይመጣል። ታዲያ ዴስኮቹን ከወልቂጤ አረቅጥ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ኪራይ ከየት ሊከፈል ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። ለጫኝና አውራጁስ? ለዚህ አባላቱ አሁኑኑ ለብቻው ማዋጣት አለባችሁ። (አንዳንድ ክበቦች መጀመሪያ የሚያሠሩት ቲሸርት ነው። ስማቸው ደረት ላይ፣ ስልክ ቁጥራቸው ጀርባ ላይ! ልጆቹ ጋ የሚደርሰው የቲሸርቱ ትራፊ ነው። እናንተ ይህን ስላላደረጋችሁ ደስ ብሎኛል።)

ወደ «ሁለት ሳምንቷ» ልመለስ። አንቺ መርካቶ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ የነጋዴ ሁለት ሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ለኔ መንገሩ ያንቺ ድርሻ ነበር! ዕቃው ይገባል። ግማሹ ይሸጣል። ሌላው ከክፍለ ሀገር ለመጣ ደንበኛ በዱቤ ይሄዳል። ደንበኛው ደግሞ የሚከፍለው በዓሉ አልፎ፣ እሱም ሸጦ ሲመጣ ነው። ልጁ ጳጉሜን 3 ገንዘቡን አላመጣም ማለት ዋሸሽ ማለት አይሆንም፤ ንግዱ ያለበት ቦታ ያ ነው። ግን አናጺው ቀብድ ካልያዘ እንጨት አይገዛም፣ እንጨት ካልገዛ ዴስክ የለም። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው። አረቅጥ ደጋ እንደሆነች ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዚያ ብርድ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ አስቢው።

ደግሞ እቁብን እንይ። ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ያውም ያለ ጥርጥር የራሱ የሆነውን ገንዘብ ሊወስድ ሲል፣ ምን ይባላል? «ዋስ ጥራ» ይባላል! የተከበረ ነጋዴ ቢሆንም ይጠራል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። አሁን ልጁ የሚፈልገው ያለ ዕጣ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ሰብሳቢ ነው። ዋሱ ፍቅራችሁ ሊሆን ነው። ይኼ ፍቅርን ማክበር አይደለም እህቴ፣ መያዣ ማድረግ ነው።

ሕጉን ደግሞ አልደብቅሽም። ደብተሩ በስምሽ ስለሆነ ባንኩም፣ አባላቱም፣ የሚመጣ ቢመጣ ፖሊስም የሚያውቁት አንቺን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 «እምነት ማጉደል» የሚለው ወንጀል አለ። በአደራ የተሰጠን ገንዘብ አላግባብ ለራስ ማዋል ብቻ አይደለም፤ ለሌላ ሰው ጥቅም ማዋልም እዚያው ውስጥ ይገባል። ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም። ግን 19 ሰው ከተቀየመ አንዱ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ለሊቀመንበሩ ነው የሰጠሁት» ማለት አያድንሽም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለልጁም አንብቢለት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የሶዶ ጉራጌ ተወላጆች ከሌሎች ጋር ሆነው ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ። የሰባት ቤት ተወላጆችም በበኩላቸው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን መሠረቱ። ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉት ምሁር በዚያ በዓለም ገናው ማኅበር ላይ በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ከአዋጪዎቹ መሀል ትልልቅ ነጋዴ ነበረ፤ ከትንሽ ንግድ ላይ ቀንሶ የሚሰጥም ነበረ። እኔን የሚገርመኝ ብሩ አይደለም። መንገድ የሚያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ ይነዳበታል። ያልተሠራ ከሆነም ጭቃው ይነግረዋል! የናንተም ዴስክ እንደዚያው ነው። መስከረም ላይ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ትኬት የገዙት ሰዎች ግማሾቹ ለመስቀል እዚያው አረቅጥ ናቸው፤ ዘወር ብለው ክፍሉን ያዩታል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቅሽ። እንዴት ትንገሪው?

በስልክ እንዳታደርጊው። በመልእክት ጽፈሽማ በጭራሽ! አግኚው፣ ቡና እየጠጣችሁ ንገሪው። «አስቤበታለሁ፤ ገንዘቡ የኔ ስላልሆነ ላበድርህ አልችልም» በይው፤ ከዚያ ዝም በይ። «አባላቱ ምን ይሉኛል» አትበይ፤ እንዲያ ካልሽ «ማን ይነግራቸዋል?» ይልሻል። «ትንሽ ቢሆን ኖሮ» አትበይ፤ «እሺ 50 ሺህ» ይልሻል፣ ነጋዴ ነው እኮ! ምክንያት በደረደርሽ ቁጥር ለድርድር በር ትከፍቻለሽ።

ቀጥለሽ ሌላውን በር አሳዪው። እቁብ ካለው ዕጣ የደረሰውን ሰው አነጋግሮ ይግዛው፤ መርካቶ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቃ አስመጪውን በዱቤ ይጠይቅ። አንቺም የራስሽ ያጠራቀምሽው ካለሽና ከወደድሽ አበድሪው፤ እሱ ያንቺ ገንዘብ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ያን ካደረግሽ ለፍቅሩ ስትይ ምን እንደከፈልሽ እሱም ያውቀዋል።

ሊከፋው ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ቢያኮርፍ አትደንግጪ፤ ሰው እጁ ሲያጥር ይከፋዋል። ግን ሳምንት አልፎ «ብትወጂኝ ኖሮ» ማለት ከጀመረ፣ ወይም ከሊቀመንበርነቱ ተነስቶ ሊያዝሽ ከሞከረ፣ ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት ያየሽው መልካም ነው እላለሁ። ነገ ቤታችሁ ውስጥ የልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ ይኖራል፣ የእናትሽ መታከሚያ ይኖራል፤ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» የሚለው ቃል እዚያም ይመጣል።

ለአባላቱስ ትናገሪ ወይ? እዚህ ላይ የሚቃወሙኝ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የኔ አስተያየት ይኸውና። አንዴ ጠይቆ እምቢታሽን ከተቀበለ በስብሰባ ላይ አታዋርጂው፤ መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ሁለተኛ ከጠየቀሽ ግን ለጸሐፊው ንገሪ። ሦስተኛውን አትጠብቂ።

ይልቅ በዚህ ሳምንት ስብሰባ ጥሪ። ከጥቅምት ጀምሮ የገባውን የወጣውን በመዝገብ ይዘሽ ቅረቢ፤ የትኬቱን ጉርድ ሳይቀር። ሁለት አባላት ይመርምሩት፣ ይፈርሙበት። ቀብዱን ከጸሐፊው ጋር ሆናችሁ ለአናጺው ስጡ፣ ውል ጻፉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ 70 ዴስክ የሚል፣ መቼ እንደሚያስረክብ ቀኑን የሚል። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ በቆየ ቁጥር ፈተናው ያንቺ ነውና ቶሎ ወደ እንጨት ይለወጥ። የቀረውን ደግሞ ከስምሽ ላይ አውጪው። ሦስት ሰው የሚፈርምበት፣ ሁለቱ ካልፈረሙ የማይወጣበት የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። ከሦስቱ መሀል ግን አንቺና እሱ አንድ ላይ አትሁኑ። ይህን ሐሳብ ስብሰባው ላይ አንቺው ራስሽ አቅርቢው፤ ስለ ሁለታችሁ የሚያንሾካሹክ ካለም አፉን ይይዛል።

ክበባችሁ የሚቀጥል ከሆነ ተመዝገቡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ እናንተ ግን እድርም እቁብም አይደላችሁም። አዋጁ ለማኅበር መመሥረቻ የጠየቀው አምስት አባል ነው፤ እናንተ 20 ናችሁ። ስትመዘገቡ ደብተሩ በክበቡ ስም ይሆናል፣ አንቺም እንቅልፍሽን ትተኛለሽ።

የመኪናውን ኪራይ ነገር ደግሞ አደራ! 20 ሰው ስለሆናችሁ ተከፋፍላችሁ ስታዋጡት ለአንድ ሰው ብዙ አይሆንም። ሊቀመንበሩም ድርሻውን ያምጣ። ዴስኮቹ አረቅጥ ሲገቡ ጻፊልኝ፤ ስለ ሽማግሌውም ጭምር።