ቅጹ ተሞልቷል፤ እውነቱስ? ስለ ወጥ የአሠራር ሥርዓትና ስለ ኮንስትራክሽን ፕሮጀክት መሪዎች አመለካከት

በኮንስትራክሽን ፕሮጀክት አመራር ላይ የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ምክረ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፦ ወጥ የአሠራር ሥርዓት ይዘርጋ። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ሆኖም በኢትዮጵያ የሕንፃና የመንገድ ግንባታ የጎደለው ሥርዓት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። የውል ቅጹ፣ የሳይት መዝገቡ፣ የወር ሪፖርቱ አሉ። ይበልጥ የጎደለው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ መጥፎ ዜና ሲጻፍ የማይቆጣ መሪ ነው።

ለዚህ በትልልቅ ግንባታዎች የታወቀው የፊዲክ ውል ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀይ መጽሐፍ በአንቀጽ 20.1 እንደሚደነግገው፣ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ሥራ ተቋራጭ ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። የ2017 እ.ኤ.አ. እትም ይህንኑ ገደብ በአሠሪውም ላይ ጣለ፤ በአንቀጽ 8.4ም ሥራውን ሊያዘገይ ወይም ዋጋውን ሊያንር የሚችል ነገር የታየው ወገን ሁሉ አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ አዘዘ። የአንቀጾቹ መነሻ ግምት አንድ ነው፦ ችግሩን ቀድሞ ያየ ሰው ቀድሞ ይጽፋል።

ሳይት ላይ ግን ማስታወቂያ መጻፍ እንደ ጠብ መጫር ይቆጠራል። አሠሪው ደብዳቤውን እንደ ክስ ያነበዋል፤ ተቋራጩም ቀጣዩን ክፍያ እያሰበ «ኋላ ተነጋግረን እንጨርሰዋለን» ብሎ ዝም ይላል። 28ቱ ቀናት ያልፋሉ። የዕለት መዝገቡ ሳይቀር በወሩ መጨረሻ፣ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ እስክሪብቶ የሚሞላበት ቦታ አለ። ቅጹ የተሟላ ስለሆነ መርማሪው ሥርዓት እንዳለ መዝግቦ ይሄዳል።

ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃወል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዷቸው ጥናቶች በሳምንታዊ ዕቅድ ከተያዙ ሥራዎች በቀጠሮአቸው የሚያልቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። ያቀረቡት ዘዴ ቀላል ነው። የሳምንቱን ሥራ የሚያቅደው ራሱ የሚያሠራው ሰው ይሁን፤ ያላለቀው ሥራ ይቆጠር፤ ያላለቀበትም ምክንያት ይመዝገብ። ለሐሙስ የታቀደ የአርማታ ሙሌት ፌሮው ስላልታሰረ ከቀረ፣ ለመሪው የሚጠቅመው «ፌሮ አልታሰረም» የሚለው መስመር ነው። መሪው በዝቅተኛው መቶኛ ፎርማኑን ከቀጣ ግን በሚቀጥለው ሳምንት መቶኛው ከፍ ይላል፤ ፎርማኑ ወይ ጥቂት ያቅዳል፣ ወይ ያላለቀውን አለቀ ይላል። ዘዴው ሳይለወጥ ጥቅሙ ይጠፋል።

የመዘግየት ዜና ዘግይቶ ሲሰማ ዋጋው ምን ያህል እንደሚከብድ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያስተምራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል በ5 ዓመታት ገደማ እንደሚያልቅ ታቅዶ ነበር። የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ክፉኛ መጓተቱ በመንግሥት በይፋ ተነግሮ ውሉ ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን የተነጠቀው በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ግድቡም የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት በአንድ ጀምበር አይፈጠርም።

መሪ ይሄዳል፣ ሥርዓት ግን ይቀራል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። የመሪ በጎነት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም፤ ስለዚህም ነው 28ቱ ቀናት በውል የተጻፉት። ነገር ግን አመለካከት የማይለካ ነገር ነው ብሎ መተው የጥናት ስንፍና ነው። «በድርጅታችሁ ወጥ ሥርዓት አለ?» ብሎ በመጠይቅ አምስት አማራጭ ማቅረብ የሚያስገኘው፣ መላሹ ለአለቃው የሚሰጠውን ያንኑ መልስ ነው። ከዚያ ይልቅ የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶችን ፋይል ከፍቶ፣ ችግሩ በተከሠተበት ቀንና ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ በሰፈረበት ቀን መካከል ስንት ቀናት እንዳለፉ መቁጠር ይቻላል፤ ከዚያም ማስጠንቀቂያውን የጻፈው መሐንዲስ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ሳይት ይገኝ እንደነበር ማየት።